ምዕራፍ 9፦ ከሲንኩ ሥር — የኪችን ቶፕ ሲጎዳ ጥገናው ስንት ያስወጣል?

ነገሩ የጀመረው በአውራ ጣት በምትሸፈን እብጠት ነው። ከሲንኩ በስተቀኝ፣ የታጠበ ሳህን በምንደረድርበት በኩል፣ ፎርማይካው ትንሽ ቀና ብሎ አየሁት። ተጫንኩት፤ ተኛ። እጄን ሳነሳ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ጠርዙን በጥፍሬ ብነካው ከሥሩ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ብስኩት የሚፈረፈር ነገር ወጣ። «ማስቲሽ ቢጤ ይበቃዋል» አልኩና የሰፈራችንን አናጢ ጠራሁ። ቀባው፣ በሁለት ብሎኬት ተጭኖ እንዲያድር አደረገው፣ የእጁን ተቀብሎ ሄደ። ሦስት ወር ሳይሞላ እብጠቱ መዳፍ አከለ። ሌላ አናጢ መጣ፤ የበሰበሰውን ቆርጦ አወጣ፣ አዲስ ችፑድ አስገባ፣ ቀለሙ የሚቀራረብ ፎርማይካ ከላይ ለጠፈ። ይኸኛው ደግሞ ክረምቱን አልዘለቀም።

ሦስተኛው ሰው ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ያመጣሁትም ለመታጠቢያ ቤቱ ነው። እግረ መንገዱን ባትሪ ይዞ ሲንኩ ሥር ተጋደመ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከቧንቧው እግር ነው የሚወርደው» አለኝ። ቧንቧው ከሲንኩ ጋር የሚገናኝባት ጎማ አልቃ ኖሮ፣ ውሃ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሁለት ጠብታ ወደ ውስጥ ትጥል ነበር። ጎማዋ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አታወጣም። እኔ በእሷ ፋንታ ለሁለት አናጢ ከፍያለሁ።

ሽንኩርት የምንከትፍበትን፣ ድስት የምናሳርፍበትን፣ የካቢኔቱን የላይኛውን ገጽ ባለሙያዎቹ «ቶፕ» ይሉታል፤ እኔም በዚህ ምዕራፍ እንደዚያው እላለሁ። ቶፕ ሲጎዳ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይቺን ለማስተካከል ስንት ትላለህ?» ጣታችን ስንጥቁ ላይ ነው። ባለሙያው በልቡ የሚያሰላው ግን ሌላ ነው፦ ስንጥቁ ጋ ለመድረስ ምን መነሳት አለበት? ሲንኩ? የጋዝ ምድጃው? ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሴራሚክ? ከሥር ያለው እንጨት ደኅና ነው? ደግሞስ ተመሳሳይ ቀለም ይገኛል? አንድ ጣት የምታህል ጉዳት ውድ የምትሆነው በእነዚህ ነው። ስለዚህ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት የካቢኔቱን በር ከፍታችሁ በባትሪ እዩ፤ በደረቅ ሶፍት የቧንቧውን እግርና የሲንኩን ጠርዝ ዙሪያ ጥረጉ። ሶፍቱ ከረጠበ መጀመሪያ የሚመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ አናጢውም ድንጋይ ቆራጩም ከእሱ በኋላ ይደርሳሉ።

አሁን ወደየዓይነቱ እንሂድ። ረጅሙን ጊዜ ፎርማይካ ላይ እቆያለሁ፤ ብዙ ቤት ያለው እሱ ነው፣ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰውም እሱ ላይ ነው።

ፎርማይካ ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ከተማ ኩባንያውን ያቋቋሙት ኸርበርት ፌበርና ዳንኤል ኦኮነር ኪችን ትዝም አላላቸው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ ማገጃ ሆኖ የሚያገለግለውን ማይካ የተባለ ማዕድን የሚተካ ነገር ነበር የሚፈልጉት፤ ስሙም «በማይካ ፋንታ» እንደማለት ነው። ወደ ማእድ ቤት የገባው ኋላ ነው። ይህን የማነሳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ፎርማይካ ወረቀት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ቡናማ ወረቀት በሙጫ እየተነከረ ተደራርቦ፣ ከላዩ የእንጨት ወይም የድንጋይ መልክ የታተመበት አንድ ወረቀት ተጨምሮ፣ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይጠበሳል። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ። መልኩ ያለው ላዩ ላይ ባለችው ስስ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የተቃጠለን ወይም በጥልቀት የተቧጨረን ፎርማይካ «በብርጭቆ ወረቀት አጥፍቼ ላብራልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በትህትና ሸኙት፤ ሲያጠፋው የሚወጣው ቡናማው ወረቀት ነው። የፈላ ውሃ ፎርማይካን ብዙ አይጎዳውም፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ሳምቡሳ የሚጠበስበት ዘይት ግን ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ይደርሳል። ከዘይት የወረደ መጥበሻ ሲያርፍበት ወረቀቱን ከችፑዱ ጋር የያዘው ማስቲሽ ይለቅና ቦታው እንደ እንጀራ ዓይን ይነፋል።

የተነፋው ገና ትኩስ ከሆነና ወረቀቱ ካልጠቆረ በርካሽ የሚድንበት መንገድ አለ። ቦታው ላይ እርጥብ ያልሆነ ወፍራም ጨርቅ አንጥፋችሁ መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ ማስቲሹ እንደገና ይለሰልሳል። ከዚያ ካውያውን አንስታችሁ ከባድ ነገር ጫኑበትና እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፤ ሲሠራ ግን ወጪው የመብራት ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ የተላቀቀም እንዲሁ ቀላል ነው፦ ውስጡን አድርቆ፣ ሁለቱንም ፊት ማስቲሽ ቀብቶ፣ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቆ ማጋጠም። ብዙ አናጢ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሽ እርጥቡን ሲጋጠም አይዝም፤ ሁለቱም ፊት ሲደርቅ ነው የሚነካከሰው።

ችፑዱ ካበጠ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ችፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ ነው። ፍርፋሪው ሲጨመቅ እንደተጠቀለለ ስፖንጅ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ይዘረጋል፣ ሲደርቅ ወደ ቦታው አይመለስም። በፀሐይ ብታደርቁት፣ በብሎኬት ብትጫኑት፣ ከላይ አዲስ ፎርማይካ ብትለጥፉበት ያበጠው እንዳበጠ ነው። እንግዲህ ሁለት ምርጫ አለ። እብጠቱ ከሲንኩ ጎን አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከሆነ ያንን ክፍል ቀጥ አድርጎ ቆርጦ አውጥቶ በሌላ መተካት፤ መጋጠሚያው ስለሚታይ እዚያ ላይ የድንጋይ ወይም የሴራሚክ ቁራጭ ማስገባት ያምራል፣ ውሃም አይፈራም። እብጠቱ ከዚህ ካለፈ ግን ሙሉውን መቀየር ይሻላል። ለእኔ መስመሩ ግማሽ ነው፤ ጥገናው የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ካለፈ አልጠግንም። ብዙ ሰው እስከ ሰባ እጅ ድረስ ይታገሳል፤ ይታገስ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ከፍዬ ስለተማርኩ ነው።

አዲሱን ስታሠሩ አንድ ነገር በዓይናችሁ እዩ። ለሲንኩ የተቆረጠው የችፑድ አፍ ራቁቱን ከቀረ ያ ሁሉ ሥራ ከንቱ ነው። ሲንኩ ከመቀመጡ በፊት የተቆረጠው ጠርዝ ዙሪያውን በቫርኒሽ ወይም በኮላ ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ በላዩ ሲሊከን ይሂድበት። አናጢው «አይታይም እኮ!» ይላችኋል። አይታይም፤ እውነት ነው።

ግራናይት ወዳለበት ቤት ስንመጣ ውሃ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ክብደትና ምት ነው። እኛም ኋላ ወደ ግራናይት ዞረናል። እናቴ ከክፍለ ሀገር ስትመጣ የምትይዘው የራሷ ሙቀጫ አላት፤ ነጭ ሽንኩርት በማሽን መፍጨት ለእሷ ነውር ነው። የምትወቅጠው ደግሞ ሲንኩ ፊት ቆማ ነው፣ ልጣጩን እዚያው እንድትጥል። ሲንኩ ፊት ያለችው የግራናይት ክፍል ስፋቷ ከአራት ጣት አትበልጥም። ድንጋዩ ለሲንክ ሲቆረጥ ከሁሉ የሚደክመው እዚያ፣ በተለይ ማእዘኑ ላይ ነው። አንድ ቀን ዘነዘናው ሲያርፍ ቀጭን «ጭርቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ቀና ብላ «ምን ሆነ?» አለች። ምንም አልታየም። ማታ ስንወለውል ከሲንኩ ማእዘን እስከ ፊት ጠርዙ የሄደች ፀጉር የመሰለች መስመር አገኘን።

እዚህ ላይ አትደንግጡ፤ መጀመሪያ በጥፍር ፈትሹ። ግራናይት በተፈጥሮው የራሱ ጅማት አለው፤ መስመር የመሰለ ሁሉ ስብራት አይደለም። ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ አግድም ስትጎትቱት ሳይያዝ ካለፈ ተፈጥሮ ነው፣ ተዉት። ከተያዘ ተሰብሯል።

የተሰበረው የሚጠገነው በኤፖክሲ ነው። ሠራተኛው ስንጥቁን ያጸዳል፣ ያደርቃል፣ ኤፖክሲውን ከተመሳሳይ ድንጋይ ዱቄት ጋር ለውሶ ያስገባል፣ ግራና ቀኙን ያስርና ያሳድራል። በማግስቱ በአልማዝ ዲስክ ከሻካራው ጀምሮ እስከ ለስላሳው እየቀያየረ ያለሰልሰዋል። ኤፖክሲው ራሱ ብዙ አያስወጣም። የሚከፈለው ለሁለት ቀን ምልልስና ለዓይን ነው፤ ቀለሙን የሚያቀራርብ ዓይን። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ድንጋይ ላይ መስመሩ ሊጠፋ ይችላል፤ አንድ ወጥ ቀለም ባለው ላይ ግን ምንጊዜም ይታያል። «ምልክት የለውም» ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ካለ ቀብዱን አሳንሱለት። ከሁሉ በፊት ግን ከሥር ያለው ካቢኔት ውሃ ልክ መሆኑን ያሳያችሁ። እግሩ የወረደ ካቢኔት ላይ የተጠገነ ግራናይት እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚሰበረው።

መቀየር ነው ካላችሁ ደግሞ ክብደቱን አስሉ። ግራናይት አንድ ሜትር ኩብ 2.7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ሜትር በስልሳ ሳንቲም የሆነ ቶፕ 65 ኪሎ አካባቢ ነው። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የለም፣ ደረጃው መዞሪያ ላይ ጠባብ ነው። ያንን ድንጋይ ጠርዙን ሳይነኩ የሚያወጡት ልጆች የሚጠይቁት ገንዘብ ዋጋ ስትጠይቁ አልተነገራችሁም፤ ድንጋዩ በር ላይ ሲደርስ ነው የሚነሳው። ያኔ ደግሞ መከራከር አይቻልም፤ ድንጋዩ መንገድ ላይ ቆሟል።

ስለዚህ የዋጋ ማቅረቢያ ስትጠይቁ በአንድ ድምር አትቀበሉ። ድንጋዩ በካሬ ሜትር ይሰላል። ለሲንክ ተቆርጦ የሚወጣው ቀዳዳ ከካሬው አይቀነስም፤ እንዲያውም ቀዳዳው ራሱ ለብቻው ይከፈልበታል። የፊት ጠርዙ መለስለስ በሜትር ርዝመት ነው። ማጓጓዝ፣ መሸከም፣ አሮጌውን ማንሳት፣ ሲንኩን ነቅሎ መመለስ፣ ሲሊከን፤ እያንዳንዱን «ያንተ ነው ወይስ የእኔ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደረሰኝ ከፈለጋችሁ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መኖሩን አለመኖሩን አስቀድማችሁ እወቁ። ሌላው ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ሙጫም ሲሊከንም ፎርማይካም የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋውን ለሳምንት እንኳ አይዝላችሁም። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና በወረቀቱ ላይ ያስፍርላችሁ።

ድንጋይ መቁረጥን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዳንዱ ሠራተኛ ኪችኑ ውስጥ ቆሞ ግራይንደር አስነስቶ በደረቁ ይቆርጣል። ቤቱ በነጭ ዱቄት ይሞላል፤ መጋረጃ ማጠብ፣ ዕቃ ማውጣት የእናንተ ወጪ ነው። ይህ ትንሹ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ሲሊካ አለ፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይመለስ ጠባሳ ይተዋል። በተለይ ኳርትዝ እየተባለ የሚሸጠው፣ ከተፈጨ ኳርትዝና ከሙጫ ተጋግሮ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ድንጋይ እስከ ዘጠና በመቶው ሲሊካ ሊሆን ይችላል። አውስትራሊያ በዚሁ ድንጋይ የሚታመሙ ቆራጮች ስለበዙባት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ድንጋዩን ከነጭራሹ ከልክላለች። እኛ ቤት የሚመጣው ልጅ ብዙ ጊዜ አፉን በሻርፕ ነው የሚሸፍነው። ደጅ ወጥቶ፣ ውሃ እያፈሰሰ ይቁረጥ፤ ለዚያ ተጨማሪ ከጠየቀ ስጡት፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሳትከራከሩ ክፈሉ የምላችሁ ብቸኛው ሒሳብ ይህ ነው።

ስለ ኳርትዝ ሌላውን በአጭሩ ልጨርስ። ውሃም ዘይትም አያስገባም፣ ለማጽዳት ይመቻል፤ ሙቀት ግን ጠላቱ ነው። ውስጡ ያለው ሙጫ ሲቃጠል ቢጫ ይሆናል፤ ያ ቢጫ አይወጣም፣ ቦታው ተቆርጦ ካልተተካ በቀር።

እብነበረድ ከግራናይት ጋር በስም ይምታታል፤ ብዙ ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ሁሉ «ማርብል» ነው። የጥገናው ዋጋ ግን በጣም ስለሚለያይ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ ጣል አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጠርጋችሁ ስታዩት ቦታው ከደበዘዘ እብነበረድ ነው፤ እብነበረድ ኖራ ነውና አሲድ ይበላዋል። ከዳለቲም ይምጣ ከጣሊያን ለሎሚ ያው ነው። የባቢሌ ግራናይት ግን ሎሚውን ከቁብ አይቆጥረውም።

ሰው ብዙ ጊዜ እብነበረዱ ላይ የቀረውን የደበዘዘ ክብ እድፍ ይመስለውና በበረኪና ይፈትገዋል። እድፍ አይደለም፤ ማብረቂያው ተበልቶ ነው። የሚመለሰው በእብነበረድ ማለስለሻ ዱቄትና በእርጥብ ጨርቅ በመፈተግ ነው። ትንሽ ቦታ ከሆነ በራሳችሁ ክንድ ይሆናል፤ ሙሉ ቶፕ ከሆነ ማሽን ያለው ሰው ያስፈልጋል። እውነተኛው እድፍ ግን ወደ ውስጥ የገባ ነው፦ የወጥ ዘይት፣ ቡና፣ እርድ። የዘይቱን እንዲህ ይሞክሩታል። ቤኪንግ ሶዳ ከሳህን ማጠቢያ ፈሳሽና ከትንሽ ውሃ ጋር እንደ ገንፎ ይለወሳል፣ እድፉ ላይ አንድ ጣት ውፍረት ይለጠፋል፣ በፌስታል ይሸፈንና ጠርዙ በፕላስተር ይያዛል። በማግስቱ ፌስታሉ ተነስቶ እንዲደርቅ ይተዋል። ሊጡ ሲደርቅ ዘይቱን ወደ ራሱ ይስባል። አንዴ ካልበቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ለቡና ደግሞ በማጠቢያው ፈሳሽ ፋንታ ከፋርማሲ የሚገዛ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን መጀመሪያ በጥግ ይሞከር፣ ሊያነጣው ይችላል። እርድ ከሁሉ የዋህ ነው። የእርድ ቀለም ፀሐይ ይፈራል፤ ቶፑ መስኮት አጠገብ ከሆነ አጥባችሁ መጋረጃውን ክፈቱለትና ቀናት ስጡት።

የእንጨት ቶፕ ያላችሁ ጥቂት ናችሁ፤ ከሁላችንም የታደላችሁ ግን እናንተ ናችሁ። ዋንዛም ይሁን ሌላ ጥሩ እንጨት፣ ቃጠሎውም ጭረቱም ከላይ ነው፤ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በ120፣ ከዚያ በ180 እየተለሰለሰ ከስሩ አዲስ ገጽ ይወጣል። በተልባ ዘይት ስስ አድርጎ መቀባት፣ ትርፉን መጥረግ፣ ቀናት ማድረቅ፣ መድገም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ራሱን ያሞቃል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

በኪራይ ቤት ለሚኖሩ፣ በተለይ ባሕር ማዶ ላላችሁ፣ የጥገና ዋጋ ሌላ መልክ አለው። ባለፈው ዓመት ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ቤት ልትለቅ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ!» አለች። ጀበናዋን ከኤሌክትሪክ ምድጃው አንስታ ማቶት ሳታደርግ ፎርማይካው ላይ አሳርፋዋለች። የጀበናው ቂጥ በልኩ፣ እንደ ማኅተም ተመትቷል። አከራዩ ሙሉ ቶፑን ልቀይር ነው፣ ዋጋውን ካስያዝሽው ገንዘብ ላይ እወስዳለሁ ብሏታል።

እንግሊዝ ውስጥ ሕጉ ለተከራይ የሚለው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2019 ወዲህ አከራይ በመያዣነት የሚቀበለው ገንዘብ፣ የዓመት ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ከሆነ፣ ከአምስት ሳምንት ኪራይ መብለጥ አይችልም። ያንን ገንዘብ መንግሥት ከፈቀዳቸው ሦስት የመያዣ ጥበቃ ተቋማት በአንዱ ዘንድ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት። ካልተስማሙ ተቋሙ ያለ ክፍያ ይዳኛል። ዳኛው ደግሞ የሚመራበት አንድ ሐሳብ አለ፦ አከራዩ በአሮጌው ፋንታ አዲስ በተከራይ ገንዘብ እንዲያገኝ አይፈቀድም። አስረዳኋት፦ ቶፑ ሲገባ 400 ፓውንድ ወጣበት እንበል፤ እንዲህ ዓይነቱ አሥር ዓመት ያገለግላል ብንል፣ አንቺ ስታቃጥዪው ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ የቀረው ዕድሜ ሦስት ዓመት ነው፣ ስለዚህ የቀረ ዋጋው 120 ፓውንድ ነው። ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አከራዩ ብዙ ማስረዳት ይኖርበታል። በአገልግሎት ብዛት የደበዘዘው፣ ጥቃቅኑ ጭረት ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርባትም።

«ስገባ ያነሳሁት ፎቶ አለ» አለች። ይኼኔ ነው ደስ ያለኝ። ፎቶው ላይ ቶፑ ከሲንኩ ጎን ቀድሞውኑ ትንሽ አብጦ ይታያል። ለአከራዩ ከሒሳቡ ጋር ላከችለት፤ ሳይዳኙ በ100 ፓውንድ ተስማሙ። እዚህ አገር ቤት ስትከራዩም ፎቶው ያው ይሠራል፤ ውል በምትፈርሙበት ቀን የኪችኑን ቶፕ፣ የሲንኩን ሥር፣ የምድጃውን ዙሪያ አንሱና ለአከራዩ በስልክ ላኩለት። ቀኑ ከመልእክቱ ጋር ይቀራል።

የራሳችሁን ቤት ስታሠሩ ደግሞ ትራፊውን አትልቀቁ። ለሲንክ ተቆርጦ የወጣው የድንጋይ ቁራጭ ከዚያው ድንጋይ የወጣ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ቀለሙን የሚመስል ፍለጋ መርካቶ ብትዞሩ አታገኙትም። ሠራተኞቹ ሲወጡ ይዘውት ይሄዳሉ፤ «ይቅር» በሏቸው። ፎርማይካም ከሆነ አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ አስቀሩና ከጀርባው ያለውን ቁጥር በካቢኔቱ በር ውስጠኛ ፊት ላይ በእርሳስ ጻፉ።

የኛ ቁራጭ መጀመሪያ አልጋ ሥር ነበር። እናቴ አገኘችው። አሁን ነጭ ሽንኩርት የምትወቅጠው ወለሉ ላይ አንጥፋው ነው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሲንኩን በጀርባዋ አድርጋ።